የቅንጦት ትንንሽ መርከቦች ምርጫ፦ ከኩባንያው ስም በፊት መንገዱ፣ ከመንገዱም በፊት ፓስፖርቱ

«ጣና ነሽ 2» የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና፣ ዳገት ወጥታ ቁልቁለት ወርዳ ጣና እስክትደርስ ድረስ አገሩ ሁሉ በስልኩ እየተከተለ ሸኝቷታል። ከዚያ ወዲህ ጎንደር ላይ መርከብ የቡና ወሬ ሆኗል። የጎርጎራው ሪዞርት ሥራ ላይ መዋሉም ወሬውን አጠናክሮታል፤ «ክሩዝ ወደ ጎርጎራ ሊመጣ ነው» የሚል ሰው ፒያሳ ላይ አይጠፋም።

በዚህ ወሬ ላይ ሌላ ጉዳይ ተደርቧል። አሜሪካ፣ እስራኤልና አውሮፓ የሚኖሩ የጎንደር ልጆች ወላጆቻቸውን ለጡረታቸው ወይም ለጋብቻቸው 40ኛ ዓመት በባሕር ጉዞ ሊያስደስቱ ይፈልጋሉ። ትልቁ መርከብ ሰው ይበዛበታል፣ ጫጫታም አለው ብለው ትንሹንና ውዱን ያስባሉ። ከዚያ የቤተሰቡ የቴሌግራም ክርክር ይጀመራል፦ ሲቦርን ይሻላል፣ ሲልቨርሲ ወይስ ፖናንት? ክርክሩ የተያዘው ከጭራው ነው። የኩባንያው ስም የሚወስነው ትራሱንና ሻምፓኙን ነው። ጉዞው መሳካት አለመሳካቱን የሚወስኑት የተጓዡ ፓስፖርት፣ መርከቡ የሚሄድበት መንገድና የመርከቡ መጠን ናቸው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሩዝ፣ ፌሪ፣ ያት

ፌሪ ሰውንና ዕቃን ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው የሚያሻግር መጓጓዣ ነው። ሥራው ማድረስ ነው፤ ተሳፋሪው ሲወርድ ጉዳዩ አለቀ። በክሩዝ ጊዜ ግን መርከቡ ራሱ ሆቴል ነው። ተጓዡ ሻንጣውን አንዴ ካቢን ውስጥ ይፈታል፤ መርከቡ ሌሊት ሌሊት ይጓዝና ጠዋት ሌላ ከተማ ወደብ ላይ ይቆማል፤ ማታ ተመልሶ እዚያው አልጋ ላይ ይተኛል። ከጎርጎራ ባሕር ዳር በደሴቶቹ በኩል ሁለት ቀን ይወስድ የነበረው የድሮው የጣና ጀልባ ጉዞ ለክሩዝ ቢቀርብም፣ ተሳፋሪው የሚያድረው ቆንዝላ ላይ መሬት ወርዶ ስለነበር ክሩዝ አይባልም። ሐይቁም ቢሆን ጥልቀቱ በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ባሕር የሚወስድ የመርከብ መንገድም የለውም። ስለዚህ ከዚህ በታች ስማቸው የሚነሳው መርከቦች ጎርጎራ የሚደርሱበት መንገድ የለም።

«ያት» ሲባል የባለጸጋ የግል የሽርሽር መርከብ ማለት ነው። የዘመኑ ኩባንያዎች ግን ቃሉን ለማስታወቂያ ወስደውታል፤ 450 ሰው የሚጭነውንም ያት ይሉታል። «ኤክስፒዲሽን» ወይም የአሰሳ ጉዞ የሚባለው ደግሞ ወደ ዋልታዎችና ወደብ ወደሌላቸው ዳርቻዎች የሚሄደው ነው። የመርከቡ አካል ለበረዶ የተጠናከረ ነው፤ ሰው ወደ ምድር የሚወርደውም ዞዲያክ በሚባል በአየር በተነፋ የጎማ ጀልባ ነው። እግር ውሃ ይነካል። ጉልበታቸው የደከመ አባት ለሽርሽር ነው ብለው ከገቡ በኋላ በዚህ ይደነግጣሉ።

«ትንሽ» ስንት ነው?

ይህ ቃል ከኩባንያ ኩባንያ እጅግ ይለያያል። የኖርዌዩ ሲድሪም በ1984 እና በ1985 የተሠሩ ሁለት መርከቦች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 112 መንገደኛና 95 ሠራተኛ ይይዛሉ፤ ርዝመታቸው 105 ሜትር ነው። ጣና ነሽ 2 ርዝመቷ 38 ሜትር ነው፤ ሦስቷን ቢቀጥሏት ሲድሪምን ታልፋለች። ዊንድስታር ሸራ ካላቸው 148 ሰው ከሚይዙት መርከቦቹ እስከ 342 ሰው የሚጭነው «ዊንድ ሰርፍ» ይደርሳል። የፈረንሳዩ ፖናንት ከ2018 ጀምሮ ያስገባቸው ስድስት እኅትማማች መርከቦች 92 ካቢን ብቻ አላቸው። ሪትዝ ካርልተን በ2022 ያወጣው «ኤቭሪማ» 298 ሰው ይይዛል። የሲቦርኖቹ «ኤንኮር» እና «ኦቬሽን» 600፣ የሲልቨርሲው «ሲልቨር ኖቫ» 728፣ የሪጀንቱ «ኤክስፕሎረር» 750 ገደማ፣ የኤክስፕሎራ ጀርኒስ የመጀመሪያው መርከብ ደግሞ 922።

ሁሉም በየማስታወቂያቸው «ትንሽ» ናቸው። በአንድ በኩል እውነት ነው፤ የሮያል ካሪቢያን «አይከን ኦፍ ዘ ሲዝ» በካቢን ሁለት ሁለት ሰው ቢቆጠር 5,610 ሰው ስለሚይዝ ከእርሱ ጎን 900 ሰው ምንም አይደለም። ግን 112 ሰውና 900 ሰው አንድ ዓይነት ጉዞ አይደሉም። በመጀመሪያው ሠራተኛው በሁለተኛው ቀን ስም ጠርቶ ሰላም ይላል። በሁለተኛው የምግብ ቤቶች ብዛት፣ የመዋኛ ገንዳ፣ የምሽት ሙዚቃ ምርጫ አለ። ቤተ ዘመድ ሰብስቦ ሦስት ትውልድ የሚሄድ ቤተሰብ ትንሿ ላይ ሦስተኛው ቀን ላይ ይሰለቻል፤ ጸጥታ የሚሹ ሁለት አዛውንት ደግሞ ትልቁ ላይ መንገድ ይጠፋባቸዋል።

ቶን ሁልጊዜ ክብደት አይደለም

ስለ ጣና ነሽ 2 ሲነገር «150 ቶን» ተብሏል፤ እሱ ክብደቷ ነው፤ መኪና የተሸከመው። የክሩዝ መርከብ መግለጫ ላይ «41,865 ቶን» ተብሎ ሲጻፍ ግን የሚመዘን ነገር የለም። ግሮስ ቶኔጅ የሚባለው የመርከቡ የውስጥ ስፋት፣ ማለትም ግድግዳና ጣሪያ ያለው ቦታ ሁሉ ይዘት መለኪያ ነው። ይህን ካወቁ አንዲት ጠቃሚ ስሌት ትገኛለች፦ ቶኔጁን በመንገደኛ ቁጥር ማካፈል። ውጤቱ ለአንድ ሰው ስንት ቦታ እንደሚደርሰው ይነግራል።

ሲቦርን ኤንኮር 41,865 ለ600 ሲካፈል 70 ይመጣል። ሲልቨር ኖቫ 75 ገደማ ነው። ኤቭሪማ 26,500 ለ298፣ ወደ 89። አሁን ሲድሪምን እንይ፤ 4,333 ለ112 ሲካፈል 39 አይሞላም። ግዙፉ አይከን ኦፍ ዘ ሲዝ እንኳ 44 አለው። ማለትም ዝናው ከፍ ያለው ያት በአንድ ሰው ሂሳብ ከግዙፉ መርከብ ያነሰ የውስጥ ቦታ አለው፤ ካቢኑ 18 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን በረንዳም የለውም። ይህ ጉድለት ነው ማለት አይደለም። የሲድሪም ደንበኛ ቀኑን የሚያሳልፈው ውጭ ዴክ (የመርከቡ ክፍት ወለል) ላይ ነው፤ ዴክ ደግሞ በቶኔጅ አይቆጠርም። ግን «ቅንጦት» ሲባል ሰፊ ክፍል የሚጠብቅ ሰው ስሌቱን ሳይሠራ ከከፈለ ይከፋል።

መጠን የሚከፍተውና የሚዘጋው በር

ለትንሽ መርከብ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት ዋናው ምክንያት አገልግሎቱ ይመስላል። ለኔ ግን የሚያሳምነው ምክንያት ወደቡ ነው። የግሪኩ የቆሮንቶስ ቦይ ከዳር እስከ ዳር 25 ሜትር አይሞላም፤ ቀጥ ብለው በቆሙ የድንጋይ ግድግዳዎች መካከል የሚያልፈው ቀጭን መርከብ ብቻ ነው። ወርዱ 28 ሜትር የሆነው ሲቦርን ኤንኮር የፔሎፖኔዝን ምድር ዞሮ ይሄዳል።

ቬኒስ ሌላዋ ምሳሌ ናት። ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ከ25,000 ግሮስ ቶን በላይ የሆነ ወይም ከ180 ሜትር የሚረዝም መርከብ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት ለፊት በጁዴካ ቦይ እንዳያልፍ የኢጣሊያ መንግሥት ከልክሏል። ኤቭሪማ 190 ሜትር ነው፤ በጥቂት ሜትር ከወሰኑ ውጭ ቀረ። ሌሎቹም ትልልቆቹ «ቬኒስ» ብለው ይሸጡና የሚቆሙት በሌላ ወደብ፣ አንዳንዴም ትሪየስተ ወይም ራቬና ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ቬኒስ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ የጉዞ ዝርዝር ላይ የከተማው ስም ብቻ አይበቃም። መርከቡ የሚቆምበት የወደብ ስም፣ ወደቡ ላይ ተጠግቶ ይቆም ወይስ ባሕሩ ላይ መልሕቅ ጥሎ ሰዉን በቴንደር ያወርድ እንደሆነ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቴንደር ከመርከቡ ወደ ምድር ሰው የሚያመላልስ ትንሽ ጀልባ ነው። ማዕበል ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰረዘው ይህ ዓይነት ወደብ ነው፤ በጉዞ ውሉ መሠረትም ኩባንያው ወደብ የመለወጥ ወይም የመዝለል መብት አለው፤ ገንዘብ የመመለስ ግዴታው እጅግ ጠባብ ነው።

ትልቁ ልዩነት የሚታየው ግን አንታርክቲካ ላይ ነው። በዚያ የሚሠሩ አስጎብኚዎች ማኅበር ደንብ በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ከ100 ሰው በላይ እንዳይወርድ ይገድባል፤ ከ500 በላይ መንገደኛ የያዘ መርከብ ደግሞ ጭራሽ ሰው አያወርድም። 200 ሰው የያዘው በሁለት ዙር ያወርዳል፤ 450 የያዘው በአምስት። በአምስት ዙር የሚያወርድ መርከብ ላይ ያለ ተጓዥ ከቀኑ አብዛኛውን በመስኮት ያያል።

ፓስፖርቱ፦ ከሁሉ በፊት የሚታየው

በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ለኢትዮጵያውያን በሚሰጠው የሸንገን ቪዛ (አብዛኞቹን የአውሮፓ አገሮች በአንድ ፈቃድ በሚያስገባው) ላይ ገደብ ጣለ። ምክንያት ያደረገው ኢትዮጵያ በአውሮፓ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ዜጎቿን በመመለስ ረገድ በቂ ትብብር አላደረገችም የሚል ነው። የፖለቲካውን ክርክር ለሌላ ጊዜ እንተወው። ለክሩዝ ተጓዥ የሚገዱት ሁለት ነጥቦች ናቸው፦ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ (መልቲፕል ኢንትሪ) መስጠት ቆመ፤ ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ አለ። እንዲህ ያለው እርምጃ ጊዜያዊ ስለሆነ ወቅታዊውን ሁኔታ ከኤምባሲው ማረጋገጥ ግድ ነው።

ይህ መንገዱን እንዴት ይነካል? ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ተነስቶ የግሪክ ደሴቶችን አይቶ፣ ኤፌሶንን ለማሳየት ቱርክ ኩሻዳሲ ላይ አንድ ቀን ቆሞ፣ ወደ ሮድስ የሚመለስ መርከብ እንውሰድ። በማስታወቂያው ላይ አንድ ጉዞ ነው። በድንበር ሕግ ግን መንገደኛው ከሸንገን ወጥቶ እንደገና እየገባ ነው። አንዴ የምታስገባው ቪዛ ፒሬየስ ላይ ሥራዋን ጀምራ ወደ ኩሻዳሲ ሲወጣ አለቀች። ለቱርክ ራሷም ሌላ ቪዛ ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ኩባንያው ይህን የሚያጣራው ሲሳፈሩ ነው፤ ሰነዱ ካልተሟላ አያሳፍርም፤ የሰነድ ኃላፊነት የመንገደኛው ነው የሚለው የውሉ አንቀጽ ስላለ ገንዘቡንም አይመልስም።

በአድሪያቲክ በኩል ያለው ወጥመድ ይበልጥ ስውር ነው። ክሮኤሺያ ከጥር 2023 ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ስለገባች ከኢጣሊያ ወደ ስፕሊትና ዱብሮቭኒክ የሚሄድ መስመር ችግር የለውም። መካከሉ ላይ የሞንቴኔግሮዋ ኮቶር ከተጨመረች ግን አገሪቱ ሸንገን ስላልሆነች መስመሩ ተበጠሰ። አብዛኞቹ የአድሪያቲክ ጉዞዎች ደግሞ ኮቶርን ይወዷታል። በሰሜን በኩል ኖርዌይ ሸንገን ናት፤ የነጭ ድብ አገር የሆነው የኖርዌይ ግዛት ስቫልባርድ ግን አይደለም፤ ወደዚያ ሄዶ ወደ ኦስሎ የሚመለስ ሁለት ጊዜ መግባት ያስፈልገዋል። ስፔንን ይዞ የሞሮኮዋ ታንጀር ላይ የሚቆምም እንዲሁ ነው።

ያልተበጠሱት መስመሮች እነማን ናቸው? በግሪክ ደሴቶች ብቻ የሚዞር፤ ከሮም ተነስቶ ሲሲሊንና አማልፊን የሚያይ፤ ከደቡብ ፈረንሳይ ኮርሲካን ይዞ ባርሴሎና የሚያበቃ። ከአውሮፓ ውጭ ደግሞ ሲሸልስ አለች። ለኢትዮጵያውያን ቪዛ አትጠይቅም፤ አስቀድሞ የሚሞላ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ብቻ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከአዲስ አበባ ወደ ዋና ደሴቷ ማሄ ይበራል። የግሪኩ ቫራይቲ ክሩዝስ በዚያ 40 ከምናምን ሰው የሚይዝ ትንሽ መርከብ ያንቀሳቅሳል። ቅንጦቱ ከሲልቨርሲ ጋር አይነጻጸርም፤ ነገር ግን ቪዛ የተከለከለ የሲልቨርሲ ትኬት ከምንም አይነጻጸርም።

በቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገመው ስሕተት የሚከተለው ነው። ልጅየው የአሜሪካ ፓስፖርት ይዞ የሁሉንም ትኬት በራሱ ስም ይገዛል፤ ድረ ገጹም የእርሱን ዜግነት አይቶ «ቪዛ አያስፈልግም» ይላል። እናትየው ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘዋል። አሜሪካ ግሪን ካርድ ያላቸው እንኳ ቢሆኑ ለጉብኝት የሸንገን ቪዛ አይቀርላቸውም። እያንዳንዱ መንገደኛ በየራሱ ፓስፖርት ተለይቶ መታየት አለበት።

ማመልከቻው የሚገባው ረጅም ቀን ለሚቆዩበት አገር ነው፤ ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገቡበት። ከጎንደር ለአሻራ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው፤ ባለፉት 59 ወራት ለሸንገን አሻራ የሰጠ ሰው ያው ሊያገለግለው ይችላል። ከሰኔ 2024 ጀምሮ የአዋቂ ክፍያ 90 ዩሮ ነው። የጉዞ መድኅን ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት፤ ሆኖም ይህ ለቪዛ የሚበቃ እንጂ ከባሕር ላይ በሄሊኮፕተር ለመነሳት የሚበቃ አይደለም።

ገንዘቡ የሚከፈልበት ቀንና ቪዛው የሚመጣበት ቀን

የቅንጦት ኩባንያዎች ሲመዘገቡ መያዣ ይቀበላሉ፤ ቀሪውን ሙሉ ክፍያ የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ ጉዞው 90 ወይም 120 ቀን ሲቀረው ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰርዝ ሰው ቅጣቱ በደረጃ እያደገ በመጨረሻ ሙሉው ይሆናል። የሸንገን ቪዛ ደግሞ ማመልከት የሚቻለው ጉዞው ስድስት ወር ሲቀረው ጀምሮ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀምጧቸው። መርከቡ በእነርሱ ኦክቶበር 10 የሚነሳ ከሆነ ማመልከቻ የሚከፈተው ኤፕሪል 10 ነው። የ120 ቀኑ ሙሉ ክፍያ ጁን 12 ላይ ይወድቃል። 45 ቀኑን ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ሰነዱ እስከ ኤፕሪል 28 ገደማ መግባት አለበት ማለት ነው። ያለው ክፍተት ሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ ነው። የቀጠሮ ወረፋውን ሲጨምሩበት ደግሞ ቀጠሮው ቀደም ብሎ ካልተያዘ ክፍተቱ ይዘጋል። ስለዚህ ኩባንያ ሲያወዳድሩ የሙሉ ክፍያው ቀን ከሻምፓኙ ዓይነት ይቀድማል፤ 90 ቀን የሚጠይቀው ከ120ው አንድ ወር ትንፋሽ ይሰጣል።

ባለቤትነትም የሚታይ ነገር ነው። ሲቦርን የካርኒቫል፣ ሲልቨርሲ የሮያል ካሪቢያን፣ ሪጀንት የኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን ሆልዲንግስ፣ ኤክስፕሎራ የኤምኤስሲ፣ ፖናንት የፈረንሳዩ የፒኖ ቤተሰብ ድርጅት ናቸው። ከጀርባው ትልቅ ባለቤት ያለው ኩባንያ ሲናጋ ወዲያው አይወድቅም፤ ባለቤቱ ራሱ ሲወድቅ ግን አብሮ ይወድቃል። በጥር 2022 የቅንጦት መርከብ ኩባንያው የክሪስታል ባለቤት የነበረው የሆንግ ኮንጉ ጌንቲንግ ሲከስር ሁለቱ መርከቦች ባሃማስ ላይ በዕዳ ተያዙ፤ አዲስ ባለቤት ገዝቶ እንደገና ባሕር ላይ ያወጣቸው በ2023 ነው። አዲስ መርከብም የራሱ ጣጣ አለው፤ ኤቭሪማ በ2020 ትጀምራለች ተብላ በጥቅምት 2022 ነው የተነሳችው። የጋብቻ ቀን አይዘገይም፤ ስለዚህ ቀኑ ለተቆረጠ በዓል የመርከብ የመጀመሪያ ጉዞ ባይያዝ ይሻላል።

«ሁሉን ያካተተ» ምን ያካትታል?

ዋጋው በአብዛኛው በሰው በቀን ከ400 እስከ 1,200 ዶላር ይሆናል፤ ያውም ሁለት ሰው አንድ ካቢን ሲጋራ ነው። ብቻዋን የምትሄድ መበለት ለባዶው አልጋም ጭምር ከፍላ እስከ እጥፍ ልትጠየቅ ትችላለች።

ሪጀንት መጠጡን፣ ጉርሻውን (ቲፑን) እና በየወደቡ የሚደረገውን ጉብኝት ዋጋው ውስጥ ያስገባል። ሲቦርን፣ ሪትዝ ካርልተንና ኤክስፕሎራ መጠጥና ጉርሻ ያካትታሉ፤ ጉብኝቱን በአብዛኛው ለብቻ ያስከፍላሉ። ሲድሪምም እንዲሁ ነው። ዊንድስታር መነሻ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መጠጡን፣ ኢንተርኔቱንና ጉርሻውን በጥቅል ይሸጣል። ሲኒክ ከሄሊኮፕተሩና ከባሕር ሰርጓጇ በቀር ሁሉንም ያካትታል። ሲልቨርሲ ለእያንዳንዱ ክፍል ባትለር፣ ማለትም የግል አስተናጋጅ ይመድባል።

አንዱ ወገን ሁሉን ያካተተው ያዋጣል ይላል። ሌላው ደግሞ ጾመኛ፣ አልኮል የማይቀምስ ሰው የሌላውን ካቪያርና ሻምፓኝ ለምን ይከፍላል ይላል። በሂሳብ ሁለተኛው ትክክል ነው። ግን የጎንደር እናት ሂሳብ ሌላ ነው። ሻይ ጎን ዋጋ ተጽፎ ካዩ «አልጠማኝም» ብለው ይቀመጣሉ፤ ልጃቸውን ላለማስከፈል ሲሉ ጉብኝቱንም «ደክሞኛል» ብለው ይተዉታል። ለእርሳቸው ተከፍሎ ያለቀ ነገር ዋጋው ከመጠጡ በላይ ነው። በዚህ መለኪያ ጉብኝቱ የተካተተበት ኩባንያ መጠጡ ከተካተተበት ይቀድማል። ለወጣት ጥንዶች ይህ ምክር አይሠራም፤ እነርሱ ወደብ ላይ ራሳቸው ታክሲ ይይዛሉ።

አንድ ተግባራዊ ነገር ይጨመር። መርከብ ላይ ለሚፈጠር ተጨማሪ ወጪ ዓለም አቀፍ ካርድ ይመዘገባል። ካርድ የሌለው ሰው ሲሳፈር ጥሬ ገንዘብ ያስይዛል፤ ወይም ልጁ አስቀድሞ በራሱ ካርድ የፈቃድ ቅጽ ይሞላለታል። የሐኪም ክፍያ በየትኛውም «ሁሉን ያካተተ» ውስጥ የለም።

ጾም፣ ወቅትና ነፋስ

የሜድትራኒያን ወቅት የሚደምቀው በእኛ ክረምት ነው። የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 4 ይዘልቃል፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። በእነርሱ አቆጣጠር ከኦገስት 7 እስከ 21 ማለት ነው፤ ይኸውም ከዓመቱ ሁሉ ሰው የሚበዛበትና ዋጋ የሚወደድበት ሳምንት ነው። በዚያው ሐምሌና ነሐሴ ኤጂያን ባሕር ላይ ሜልቴሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ይበረታል፤ ቴንደር የሚያስሰርዘውም እሱ ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ግን ከረቡዕና ዓርብ በቀር ግዴታ ጾም የለም፤ ባሕሩ ገና ሙቅ ነው፤ ነፋሱ ጋብ ይላል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ጥቅምት ሲጋመስ ዝናብ ሊኖር ይችላል። ምርጫ ያለው ሰው መስቀልን ጎንደር ውሎ ቢነሳ ከሁሉም ይሻለዋል።

በጾም የሚሄድ ሰው የምግብ ቅጹ ላይ «ኦርቶዶክስ ጾም» ብሎ ቢጽፍ ግሪኮቹ ካልሆኑ ማንም አይረዳውም፤ ግሪኮቹም ቢሆኑ ሽሪምፕ ያቀርቡለታል፤ በእነርሱ ሥርዓት ይበላልና። የሚሠራው ቃል «ቪጋን» ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ዓሣ የሌለበት ማለት ነው። ሪጀንት በ2019 ከ200 በላይ የዕፅዋት ምግቦችን ወደ ዝርዝሩ አስገብቷል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ደግሞ ወሳኙ ጥያቄ ምግብ ቤቱ የሚዘጋበት ሰዓት ነው፤ ምሳ ብዙ ጊዜ ስምንት ሰዓት ገደማ ያበቃል፤ ስለዚህ ሃያ አራት ሰዓት ወደ ክፍል የሚመጣ ምግብ መኖሩ ይጣራ። ሐላል ሥጋ አስቀድሞ ሲጠየቅ የሚያመጡ አሉ፤ ማብሰያው ከአሳማ ሥጋ መለየቱን ግን ለይቶ መጠየቅ ይገባል።

ጉልበትና ማዕበል

የዊንድስታር ሁለቱ ትንንሽ ባለ ሸራ መርከቦች አሳንሰር (ሊፍት) የላቸውም። ጉልበት ለሚያማቸው ሰው ይህ አንድ መስመር ምርጫውን ይዘጋዋል። ከመርከብ ወደ ቴንደር መሻገርም አንድ እርምጃ ነው፤ ጀልባዋ ከፍ ዝቅ እያለች የምትረገጥ እርምጃ። ሠራተኞቹ ለአደጋ ያሰጋል ካሉ አያሻግሩም። ሳንቶሪኒ ላይ የሚያቆም መርከብ ሁሉ፣ ትንሹም ትልቁም፣ በጀልባ ያወርዳል፤ ከታችኛው ወደብ ወደ ከተማው ለመውጣት ኬብል ካር ወይም ከ580 በላይ ደረጃ ነው።

መርከብ ሲያጥር መወዛወዙ ይጨምራል። ስታቢላይዘር ከመርከቡ ሆድ ግራና ቀኝ የሚወጣ ክንፍ ነው፤ ውሃው ሲሮጥበት መወዛወዙን ይቀንሳል። አብዛኛው ሲጓዙ እንጂ ሲቆሙ አይሠራም፤ ለዚህ ነው መልሕቅ ተጥሎ እራት ሲበላ የሚያዞረው። የሚያሰጋው ሰው ከመርከቡ መሐል፣ ከታችኛው ፎቅ ካቢን ይያዝለት፤ ርካሹም እሱ ነው። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከመነሳት በፊት ካልተወሰደ እምብዛም አይረዳም። ግላኮማ ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለበት ሰው ግን ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ስለሚጎዱት ሐኪሙን አዲስ አበባ ሳይደርስ፣ ጎንደር እያለ ይጠይቅ።

የምሽቷ ወረቀት

ማታ ማታ በየካቢኑ የነገው ፕሮግራም ይታደላል። ከላይ በትልቁ የሚጻፈው ሰው ሁሉ መርከብ ላይ መገኘት ያለበት ሰዓት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መርከቡ ከመነሳቱ ግማሽ ሰዓት በፊት። «17:30» የሚለው በእኛ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በቃል «ፋይቭ ሠርቲ» ተብሎ ሲነገራቸው አምስት ተኩል ነው ብለው ከጉብኝቱ መሐል ተነስተው ለምሳ ሳይደርሱ የሚመለሱ ይኖራሉ፤ እሱ ጉዳት የለውም። ጉዳት ያለው የእጅ ሰዓታቸው በሐበሻ የተሞላ፣ ስልካቸው ደግሞ ራሱን ወደ አገሩ ሰዓት የቀየረ ሲሆን ነው። መርከቡ በራሱ ጉብኝት የወጣውን ሰው ይጠብቃል፤ ብቻውን የወጣውን አይጠብቅም። የቀረ ሰው ወደሚቀጥለው ወደብ በራሱ ወጪ ይሄዳል፤ ፓስፖርቱን ደግሞ አንዳንድ መርከቦች ሲሳፈሩ ተቀብለው ቢሮ ስለሚያስቀምጡት ኪሱ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ቪዛ ያለበትን ገጽ ፎቶ አንስቶ ስልክ ላይ መያዝ፣ የወደቡን ተወካይ ስልክ ከዚያችው ወረቀት ግርጌ ቀዶ ቦርሳ ውስጥ መክተት ይበጃል።